ግድግዳው ከመቀባቱ በፊት ፎቶ አንሱት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር፣ አራዳ ነው። 32 ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ለጋዜጣ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ያስነሣኝ ሰሞኑን ያየሁት ነገር ነው።

ከገበያ ስመለስ፣ ከአራዳ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ወጣት ቀለም ቀቢ መሰላል ላይ ቆሟል። ከአንድ አሮጌ ሱቅ በር በላይ ያለውን ግድግዳ ግራጫ ይቀባል። ገና ያልደረሰበት ቦታ ላይ ግማሽ መቀስ ይታያል። በእጅ የተሣለ፣ እጀታው ቀይ የሆነ መቀስ። ደነገጥኩ። "ልጄ፣ እስቲ አንዴ ታገሠኝ" አልኩት። ጨዋ ልጅ ነው፤ ብሩሹን አስቀምጦ ወረደልኝ። ስልኬን ሳወጣ ባትሪው ሞቷል። ቤት ሄጄ ቻርጅ አድርጌ ስመለስ ግድግዳው ሙሉ በሙሉ ግራጫ ሆኗል። ልጁን አልወቅሰውም። የታዘዘውን ነው የሠራው። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጎንደር ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ግንቡን ነው። ልክ ነው። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. የቆረቆሯት ከተማ ናት። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል፤ ጠባቂም አስጎብኚም አለው። ጣሊያን ያቆማቸው ሕንፃዎችም ፒያሳ ላይ ዛሬም አሉ፤ ፖስታ ቤቱን ማን ያጣዋል? በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጣሊያን በመጨረሻ እጁን የሰጠው እዚሁ ጎንደር ነው። እሱ ሲሄድ ቃላቱ እኛ ጋ ቀሩ፤ ፒያሳ፣ አውቶፓርኮ፣ ባንኮኒ፣ ፉርኖ። እኛን ያሳደገን ግን በግንቡና በፒያሳው መካከል ያለው የሱቆች መንገድ ነው። እሱን የመዘገበው ሰው አላየሁም።

የሰዎቹን ስም አልጽፍም። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው አሉ፤ ሳላስፈቅድ ስማቸውን ጋዜጣ ላይ ማውጣት ነውር ነው። በልጅነቴ እንደምጠራቸው ጋሼና እትዬ እላቸዋለሁ።

የጋሼ ሱቅ ከቤታችን በሦስተኛው በር ነበር። የከተማችን የአዲስ ዓለም ሠፈር ሰው ናቸው፤ ሙስሊም። ሱቃቸው ላምባ፣ ሳሙና፣ በርበሬና ከረሜላ አንድ ላይ ይሸታል። ባንኮኒው ከእኔ ቁመት ይበልጣል፤ ስሙኒዬን ወደ ላይ ዘርግቼ ነው የማቀብላቸው። የስኳር አጠቃቀለላቸው እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። አሮጌ ጋዜጣ ከክምሩ ይስባሉ። አራት ቦታ አጥፈው በጥፍራቸው ይተኩሱትና ቀጥ አድርገው ይቀዱታል። አንዱን ቅዳጅ በሌባ ጣታቸው ላይ ጠቅልለው እንደ ቀንድ ያደርጉታል። ጫፉን ወደ ውስጥ ይጠመዝዙታል። ከዚያ ስኳሩን ጨምረው፣ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው፣ ትንሽ ቆንጥረው ይመርቁና አፉን በሁለት ጆሮ ይዘጉታል። አንዲት ፍሬ አትፈስም።

ቤት ስደርስ እናቴ ስኳሩን ጣሳ ውስጥ ትገለብጠዋለች። ወረቀቱ የኔ ነው። መጀመሪያ እልሰዋለሁ፤ ቀጥሎ አነበዋለሁ። ቤታችን መጽሐፍ አልነበረም፣ ከዳዊት በቀር። ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ጋ ነው፤ አንባቢ የሆንኩት ግን በስኳር መጠቅለያ ነው።

አንድ ቀን የደረሰኝ ቅዳጅ ስለ አበበ ቢቂላ ማረፍ ነበር። አበበ ያረፈው በጥቅምት 1966 ነው፤ ጋዜጣው ጋሼ ክምር ውስጥ የገባው ከዚያ በኋላ መሆን አለበት። ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ነገር ሲጀምር ወረቀቱ አለቀ። እየሮጥኩ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። "ጋሼ፣ ቀሪው የታለ?" ስላቸው ሳቁ። ክምሩን አገላብጠው ፈለጉልኝ። የለም። ቆም ብለው አሰቡና "በርበሬ ጠቅልዬበት ለእትዬ ሰጥቻለሁ፤ ሂጂ፣ ጋሼ ልኮኝ ነው በያቸው" አሉኝ።

እትዬ ጠጅ ቤት ነበራቸው። ብርሌ እያጠቡ አገኘኋቸው። በርበሬውን ወደ ጎድጓዳ ሳህን ገልብጠው፣ ወረቀቱን አራግፈው ሰጡኝ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ሲያሸንፍ እኔ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብዬ አስነጥስ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ጋሼ የአንድ ጋዜጣ ቅዳጆችን አይበታትኑብኝም። "ይቺ የአስተማሪዋ ናት" እያሉ ለብቻ ያስቀምጡልኛል። ያኔ ገና የ3ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አስተማሪ ብለው የጠሩኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

ኬክ ቤትም ነበር፤ ቦምቦሊኖው ለዓመት በዓል ካልሆነ አይቀመስም። ወፍጮ ቤትም ነበር። አሁን ግን ወደ መቀሱ ልምጣ።

መቀሱ የልብስ ሰፊው ነው። ሱቃቸው ከጋሼ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሜትሩ ከአንገታቸው፣ ጠመኔው ከጆሮአቸው ላይ አይጠፋም። ሲንጀራቸው በእግር የሚረገጠው ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ መንገዱ ሁሉ የሚሰማው የሲንጀሩን ድምፅ ነው፤ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ አይደል? ለከተራ ዋዜማ ሌሊቱን በፋኖስ ይሰፋሉ። እኛ ልጆች ደረጃው ላይ ተደርድረን እንጠብቃለን። የመጨረሻው ቁልፍ ሲተከል ክሩን በጥርሳቸው ይበጥሱና "በይ፣ ታቦት ቀድሞሽ እንዳይሄድ" ይሉኛል። በማግስቱ ጋሼ ሱቃቸውን ይዘጋሉ። ታቦታቱ ከማለፋቸው በፊት አቧራው እንዳይነሣ መንገዱን በባልዲ ውሃ ያረጥባሉ። ሲያደርጉት ማንም "ለምን?" ብሎ አይጠይቅም። ለአረፋ ደግሞ የኛ ቤት ልጆች በሙሉ እሳቸው ቤት ነን።

1970 መጣ። ቀይ ሽብር በጎንደር ምን እንዳደረገ በዚያ ዘመን የነበረ ሰው ሁሉ ያውቃል። የጋሼ ትልቁ ልጅ 11ኛ ክፍል ነበር። አንድ ማታ ወጣ፤ አልተመለሰም። በሦስተኛው ቀን ወሬው መጣ። ድንኳን መጣል የለም። ማልቀስ ክልክል ነው፤ ያለቀሰ ቤት ይጠየቃል። ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ገርበብ አድርጎ ተቀመጠ።

በዚያ ሳምንት እናቴ የታናሽ ወንድሜን ሱሪ አምጪ ብላ ወደ ልብስ ሰፊው ላከችኝ። የሲንጀሩ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። በዚያ ሰሞን ልብስ የሚያሰፋ ማን ነበር? ገባሁ። መርገጫውን ባለ በሌለ ኃይላቸው ይረግጣሉ። መርፌው ሥር ጨርቅ የለም። ክርም የለም። ባዶ መርፌ ብቻ ይወጣል፣ ይወርዳል። ግራ ገብቶኝ ቆምኩ። ቀና ብለው አዩኝና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ያኔ ከግድግዳው ወዲያ ሰማሁት። የልጁ እናት ናቸው። አፋቸውን በነጠላ ይዘው ያለቅሳሉ። ልብስ ሰፊው እግራቸውን ቢያቆሙ ልቅሶው መንገድ ላይ ይሰማል።

ሰዓት እላፊው እስኪቃረብ ረገጡ። በማግስቱም። በሦስተኛው ቀን እናቴ የጎጃም ጤፍ የምትነፋበትን ወንፊት ይዛ የጋሼ ቤት በር ላይ ተቀመጠች። ሥራ የምትሠራ ለመምሰል ነው። እትዬም መጡ፤ ጌሾ ይዘው። እንደዚያ ሆነው፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ፣ ሙሉ ቀን አስተዛዘኑ።

ጋሼ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ልብስ ሰፊው እስከ 1980ዎቹ ድረስ ሠሩ። መቀሱ ግን እስከ ባለፈው ሰሞን ግድግዳው ላይ ነበር። ለእኔ ያ መቀስ ማስታወቂያ ብቻ አይደለም። እዚያ ቤት ምን እንደተደረገ የሚያውቅ ሰው ሲያልፍ ቀና ብሎ የሚያየው ነገር ነው።

ከተማው አይታደስ አላልኩም። መንገዱ ሲጠገን፣ መብራት ሲገባ ደስ ይለኛል፤ እኔም ማታ ማታ መውጣት ጀምሬያለሁ። የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። አሮጌ ግድግዳ ከመቀባቱ፣ አሮጌ በር ከመነቀሉ በፊት አንድ ሰው ፎቶ ያንሳው። ለዚህ በጀት አይጠየቅም፤ ቀለም ቀቢው ኪስ ውስጥም ስልክ አለ። ከዚያ ያ ቤት የማን እንደነበር ከሠፈሩ ሽማግሌዎች አንዱ ይጠየቅ። እኔ ከማውቃቸው ውስጥ መናገር የሚችሉት ጥቂት ናቸው፤ ባለፈው ዓመት እንኳ ሁለቱን ቀብረናል።

እናንተም በሳምንት ግማሽ ዓምድ ብትሰጡን ደስ ይለኛል። የአዲስ ዓለሙም፣ የቅዳሜ ገበያውም፣ የአውቶፓርኮውም ሰው የየራሱን መንገድ ይጻፍ። መጻፍ ለማይችሉ እኔ ቤታቸው ሄጄ እጽፍላቸዋለሁ፤ ጊዜ አለኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1960ዎቹ ከአራዳ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ የተነሣ ፎቶ ያለው አንባቢ ካለ፣ እባካችሁ ቅጂውን ወደ ዝግጅት ክፍሉ ላኩልኝ። በሰርግ ወይም በጥምቀት ቀን የተነሣ ሊሆን ይችላል። ከሰዎቹ ጀርባ ያለውን ግድግዳ እዩ። ቀይ እጀታ ያለው መቀስ ካለ እሱ ነው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ከሆነ እጀታው ጠቆር ብሎ ይታያል። ከመቀሱ ሥር፣ ደረጃው ላይ ቅዳጅ ጋዜጣ ይዛ የተቀመጠች ልጅ ካለች ደግሞ እኔ ነኝ።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛዋ መምህርት
ከጎንደር፣ አራዳ