ካሳው የተከፈለው ለማን ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ዋሽንግተን ዲሲ ኤፕሪል 16 ስለምታከብረው የነፃነት ቀን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። መንግሥት ካሳ ከፍሎ በከተማዋ የነበሩትን ባሪያዎች ነፃ እንዳወጣ ጽፋችኋል። እውነት ነው፤ ግን ካሳው የተከፈለው ለጌቶቹ መሆኑን ሳትነግሩን አለፋችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1862 የወጣው ሕግ ለአንድ ሰው በአማካይ እስከ 300 ዶላር ለጌታው ያስከፍል ነበር። ጌቶቹ የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ ዕድሜ፣ ቁመትና መልክ ዘርዝረው፣ የሚሉትን ዋጋ ጽፈው አመለከቱ። ዋጋ ለመገመት የተጠራው ደግሞ ከባልቲሞር የመጣ ባሪያ ነጋዴ ነው! ነፃ ለወጡት 3 ሺህ ያህል ሰዎች ለዕድሜ ልክ ድካማቸው አንዲት ሳንቲም አልታሰበችም። አሜሪካን ለቆ ሃይቲ ወይም ላይቤሪያ ለሚሄድ ብቻ እስከ 100 ዶላር ተፈቀደ። ይሄ አንጀቴን በልቶታል።

ከባርነት ነፃ የወጡትን ለመርዳት በ1865 የተቋቋመው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ፍሪድመንስ ቢሮ፣ ብዙ ደክሟል። ለተራበው ራሽን አደለ፣ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ በባርነት ዘመን ሕግ የማያውቀውን ትዳር መዘገበ። መሬቱ ላይ ግን አቅም አጣ። በደቡብ ካሮላይና ጠረፍ ነፃ የወጡት ሰዎች እስከ 40 ኤከር ተሰጥቷቸው አርሰው ዘርተው ነበር። ዓመት ሳይሞላ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን ለቀድሞ ባለቤቶቹ እንዲመለስ አዘዘ። መሬቱ እንዲጸናላቸው ይፈልግ የነበረው የቢሮው ኃላፊ ጄኔራል ሃዋርድ ራሱ እዚያው ጠረፍ ወዳለው ኤዲስቶ ደሴት ሄዶ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለተሰበሰበው ሕዝብ ልቀቁ ብሎ መናገር ግድ ሆነበት። ለነፃ ወጪዎቹ ዜግነትና እኩል መብት የሰጠውን የ1866ቱን የሲቪል መብት ሕግ ጆንሰን አልፈርምም ቢልም ኮንግረስ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ አጸደቀው። ቢሮው ግን በ1872 ተዘጋ።

እኛ ሐበሾች ይህን ታሪክ የሰው ታሪክ ብለን ማለፍ አንችልም። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት በዚያው ጄኔራል ስም በተሰየመው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። የበኩር ልጄም የተወለደችው ለነፃ ወጪዎቹ ተብሎ የተከፈተውን ሆስፒታል በወረሰው በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ነው።

የጌቶቹ ማመልከቻዎች ዛሬም በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አሉ። ለሚመጣው ኤፕሪል 16 ከመካከላቸው አንዱን ተርጉማችሁ፣ ስሞቹን ሳታሳጥሩ እንድታትሙልን እጠይቃለሁ።

አክባሪያችሁ
ከዋሽንግተን ዲሲ