ስለ ሳክሬ መቀመጫችን

ውድ የሂዩማኒስት ማኅበራችን አባላት፣

ባለፈው ሳምንት ልጄ የቤት ሥራዋን ዘርግታ «እማዬ፣ እኛ የትኛው ነን?» አለችኝ። ወረቀቱ ላይ ስድስት ሃይማኖቶች ተደርድረዋል፤ የእኛ፣ ያለ ሃይማኖት በሰብአዊነት የምንኖረው የሂዩማኒስቶች፣ ግን የለም።

እዚህ እንግሊዝ ስለ ሃይማኖት ትምህርት የየአካባቢውን አስተዳደር የሚያማክረው ሳክሬ የሚባለው ጉባኤ ነው። አራት ቡድኖች አሉት፤ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ድምፅ አለው። በብዙ ቦታ የእኛ ሰው ቢጋበዝ እንኳ ያለ ድምፅ ነበር የሚቀመጠው፤ ይህ ሁሌም ያንገበግበኛል። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን ከፍተኛው ፍርድ ቤት በኬንት አውራጃ ምክር ቤት ላይ በቀረበው ክስ፣ አንድን ሰው ሂዩማኒስት በመሆኑ ብቻ ከቡድን «ኤ» (ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ያሉ ክርስቲያኖችና የሌሎች ሃይማኖቶች ተወካዮች ከሚቀመጡበት) መከልከል ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ።

አካባቢው የሚስማማበት የሃይማኖት ሥርዓተ ትምህርት ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ይከለሳል። ስለዚህ እባካችሁ፣ ለየምክር ቤታችሁ ጻፉ፤ መቀመጫውን በግልጽ ጠይቁ። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነውና ሄዳችሁም አዳምጡ። ደብዳቤ ማርቀቅ የሚከብደው ካለ ቅዳሜ አብረን እንጽፋለን።