ይሄን ሁሉ ጊዜ የት ጠፋሽ እንዳትዪኝ

ሰላም ነሽ አንቺ ሴትዮ? ሁለት ፋሲካ ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ አሁን ዘው ስል ትደነግጪ ይሆናል። ስልኬ ተሰርቆ ነው ብልሽ አታምኚኝም፣ ደሞም ውሸት ነው፣ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁና ከዛ ማፈር ጀመርኩ በቃ። ልጆቹ እንዴት ናቸው? ትልቁ ትምህርት ጀመረ አይደል?

እኔ እዛው ጥለሽኝ የሄድሽበት ስታፍ ነኝ፣ እዛችው መስኮት ስር። አሁን የ8ኛ ክፍል ቱቶሪያል አስተባባሪ አርገውኛል፣ ከ9 ተኩል እስከ 11 ሰዓት። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ ግማሽና ከዛ በላይ ያመጡት 3.3 ፐርሰንት ብቻ ናቸው ሲባል ዝም ብለን የተያየነው ትዝ ይልሻል? ከዛ ወዲህ ችግሩ ከስር ነው ተባለና ሁሉም ቱቶሪያል ቱቶሪያል ይላል። ማስተማሩ ይከብደኛል ብዬ ነበር፣ እሱስ ቀላሉ ነው ባክሽ።

የሚከብደው ሰዓቱ ነው። ምገባው ቁርስና ምሳ ነው፣ 10 ሰዓት ላይ የልጁ ሆድ ባዶ ነው። መጀመሪያ ሰሞን አንዱ ዴስኩ ላይ ተደፍቶ አየሁና ልቆጣ ስል ጓደኛው "ቲቸር ርቦት ነው" አለኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ ሽምብራ ቆሎ ቆልቼ በፌስታል ይዤ እመጣለሁ፣ በሻይ ብርጭቆ እየሰፈርኩ በየእጃቸው፣ ከዛ ዞሬ ኢኩዌሽን ስጽፍ ከኋላዬ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ነው፣ ብታዪ ትሞቻለሽ በሳቅ።

ጥበቃው ደሞ ገና 10 ተኩል ሳይሆን ቁልፉን እያንቀጫቀጨ በበሩ ያልፋል፣ አልፈርድበትም ትርፍ ሰዓት ማን ይከፍለዋል። የትራንስፖርት ተብላ ትሰጠን የነበረችውም ሁለት ወር ሰርታ ቀረች። የፊዚክሱ መምህር ትቶን ቤት ለቤት ማስጠናት ገባ፣ የቤት ኪራይ እያለበት ምን ልበለው።

ግን የሚያበግነኝ ሌላ ነው። 43 ልጅ ተመዝግቦ ህዳር ላይ 16 ብቻ ቀረ፣ የቆዩት እነማን መሰሉሽ? ያለኛም የሚያልፉት ናቸው! የሚያስፈልጋቸው ልጆች መቆየት አይችሉም። አንዱ ሰፈራቸው ለኮሪደር ልማት ተነስቶ ዳር ወጥተዋል፣ ሁለት ታክሲ ነው የሚይዘው፣ ከ9 ተኩል ካለፈ ሰልፉ ላይ ይመሽበታል። አንዷ እናቷ ጉሊት ስለምትውል ታናሽ ወንድሟን ከኬጂ የምትወስደው እሷ ናት። ይዘሽው ነይ አልኳት፣ መጣ፣ ቆሎዋን ይቆረጥማል፣ አሁን አንድም ቀን የማይቀረው እሱ ነው። ሌሎቹን ግን ምን ላርግ? ሪፖርቱ ላይ "የተሳታፊዎች ውጤት ተሻሽሏል" ተብሎ ይጻፋል፣ እኔም ፈርሜ እሰጣለሁ።

አሁን ወደ ጠዋት 1 ተኩል ላዙረው ብዬ እያሰብኩ ነው፣ ለቁርስ ብለው ማልደው ስለሚመጡ፣ ጥበቃውም በዛ ሰዓት በሩን ከፍቷል። ርእሰ መምህሩ እናየዋለን ብሏል፣ እናየዋለን ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። አንቺ ምን ትያለሽ? እና ያን የፍራክሽን ዎርክሺትሽን በቴሌግራም ላኪልኝ፣ በፎቶም ቢሆን፣ ግን ቀጥ አርገሽ አንሺው ባለፈው የላክሽው ግማሹ የራስሽ ጥላ ነበር።