ይድረስ ለቀጮ

ቀጮዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ለምን ጠፋሁ የሚለውን ላስረዳሽ ብል ደብዳቤው በሰበብ ያልቃል። አንቺም ጠፍተሻል፣ እኔም ጠፍቻለሁ፤ ይቅር ለእግዜር ተባብለን እንለፈው። ልጆቹ ደህና ናቸው። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷን ግን ምንም አልነካውም። "ያቺ ቀጭን ዛሬም አትበላም?" ብላሻለች።

የመጣሁት ለጉዳይ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ተዋጥተን አባዱላ ተከራየንና ከአስጎብኚ ጋር ወጣን። ወዴት አትዪኝም? ደሴን ልንጎበኝ! ሳቂ፣ ሳቂ። ተወልጄ ባደግኩበት ከተማ ብር ከፍዬ፣ ጢሙ ገና የሚያቆጠቁጥ ልጅ እየመራኝ። የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ልጅ ነው፤ ጨዋታ ያውቅበታል።

ማለዳ ጦሳ ተራራ ላይ አወጣን። ጉም ነበር። "ደሴ ከታች አለች፤ እመኑኝ" ብሎ አሳቀን። ጉሙ ሲገፈፍ መጀመሪያ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከዚያ የመስጊድ ሚናራ፣ ከዚያ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ብቅ አለ። ልጁም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ኅዳር 26 ቀን 1928 ማውራት ጀመረ። የጣልያን አውሮፕላኖች ቦምብ እያወረዱ ከተማዋን እንዴት እንዳቃጠሏት፣ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ እንዳልተረፈ፣ ጃንሆይ ራሳቸው ከፀረ አውሮፕላኑ መሣሪያ ኋላ ሆነው ሲተኩሱ እንደነበር። ይቺን በትምህርት ቤት ሰምተናታል። ግን እዚያው ሰማይ ስር ቆመሽ ስትሰሚው ሌላ ነው። ሁላችንም ጦርነቱ ደሴ የገባበት የ2014 ጥቅምት ትዝ ብሎን ዝም አልን።

"ከእናንተ ውስጥ ከአያቱ የዚያን ቀን ነገር የሰማ አለ?" አለ ልጁ።

አያትሽ መጡብኝ። እናታቸው ግማሽ የበሰለ እንጀራ ከምጣድ ላይ ገፈው፣ እሳቸውን በነጠላ አዝለው ወደ ጦሳ ሲሮጡ። እንጀራውን ማታ ገደል ስር ቁጭ ብለው ሲበሉት፣ ቤታቸው ከታች ሲነድ። ጭስ የሸተተው እንጀራ በቀረበ ቁጥር ሌማቱን ገፍተው ሲነሱ አንቺና እኔ እንስቅባቸው አልነበር? አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት። ያንቺ ቤት ታሪክ ነዋ።

ከዚያ በሀረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ወረድን። ያ ጠመዝማዛ መንገድ አሁንም ሆዴን ያላውሰዋል። ልጁ አንዱ መታጠፊያ ላይ አስወረደንና በ1933 የደቡብ አፍሪካ ወታደሮችና አርበኞቻችን ከዚያ ሜዳ ተነስተው፣ ጣልያን ከላይ መድፍ ጠምዶ እየጠበቃቸው፣ ሽቅብ እንዴት እንደተዋጉ አሳየን። ደሴ የተያዘችው ሚያዝያ 18 ነው አለ። ቀጥሎ ጣልያን ከአሰብ ስላስመጣው መንገድ፣ ስለ ሠራተኞቹ ማውራት ሲጀምር እኔ ዓይኔን ሜዳው ላይ ተከልኩ። ገብቶሻል።

ሐይቅ ምሳ በላን። እስጢፋኖስ ገዳም ሴት ስለማይገባ ወንዶቹ የአባ ኢየሱስ ሞአን ገዳም ሊሳለሙ ሄዱ፤ እኛ ዳሩ ላይ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ አዘዝን። ውሃው እንዴት ያምራል መሰለሽ! ደግሞ እሾሁን ሳትነቅዪ ጎርሰሽ ጉድ ያፈላሽበት ቦታ ነው። ልጁ ሲመለስ አጠገቤ ተቀመጠና "እትዬ፣ ጦሳ ላይ የሆነ ነገር ሊሉ ነበር" አለኝ። ሰይጣን ነው! ለኅዳር 26 ተማሪዎች ይዞ ሊወጣ ነው፤ የሰው ታሪክ ይፈልጋል። "ባለቤቷን ልጠይቅ" ብዬ አለፍኩት።

እንግዲህ ጠየቅኩሽ። እንጀራውን መንገር ቀላል ነው፤ ሁሉም ይወደዋል። የሚከብደው ሌላው ነው። የአያትሽ አባት በኋላ ለጣልያን መንገድ ድንጋይ ፈልጠው በቀን ደሞዝ ቤቱን ማኖራቸው፣ ጎረቤቱ ባንዳ ማለቱ... ጋሼ ይሄ ሲነሳ ቡናቸውን ሳይጨርሱ ይወጡ ነበር። አያትሽ ግን ሊሞቱ ሰሞን ለሁለታችን የነገሩን እንዲሁ አይመስለኝም። እንዴት ልበልሽ... ያኔ እጄን ይዘውኝ ነበር፤ ያንቺን ሳይሆን የኔን። ይህን ነግሬሽ አላውቅም።

እኔን ከጠየቅሽኝ ሙሉው ይነገር ባይ ነኝ። ቤቱ የተቃጠለበት፣ ልጆቹ የተራቡበት ሰው ድንጋይ ቢፈልጥ ምን ነውር አለው? ልጁ ስም አልጠራም ብሎኛል። ሰፈሩንም አይጠቅስም። ግን ደሴን ታውቂያታለሽ፤ ሦስት ነገር ከሰማች አራተኛውን ራሷ ትጨምራለች። ስለዚህ ጋሼን አንቺው አናግሪያቸው፤ እኔ ብደውል ስለ ጤናቸው ጠይቄ ነው የምዘጋው። እንቢ ካሉም እንጀራዋን ብቻ ፍቀጂልኝ። እሱንም አይሆንም ካልሽ አልቀየምም፤ ልጁን በሆነ ዘዴ እሸኘዋለሁ።

ብቻ ከኅዳር በፊት መልሺልኝ። በቴሌግራም ድምፅ ላኪ፤ ጽሑፍሽን ድሮም ከኔ በቀር የሚያነበው አልነበረም፣ አሁን ደግሞ እኔም መነጽር አድርጌያለሁ።

ያንቺው፣ የሸዋ በሯ