ስለ ፊሌቶ ዋጋና ስለ ማጠቢያው ውሃ፦ ለደንበኞቻችን

ለተከበራችሁ የባቱ (ዝዋይ)ና የአዲስ አበባ ደንበኞቻችን፣

የዓሣ ፊሌቶ (አጥንት የወጣለት ሥጋ) ዋጋ በኪሎ 40 ብር በመጨመሩ ብዙዎቻችሁ ቅር እንዳላችሁ ሰምተናል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ከዋጋው ቅሬታ ይልቅ አንጀታችንን ያሳረረው ግን «የታጠበበትን ውሃ አጣርተው መልሰው ዓሣው ላይ ያደርጉታል» የሚለው ወሬ ነው። ፈጽሞ አይደረግም።

ቆሮሶና አምባዛ ዓሣ ተቆራርጦ ሲታጠብ ውሃው ደም ብቻ ይዞ አይወጣም። ከዓሣ ሥጋ ፕሮቲን ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ ከፊሉ አብሮ ይሄዳል። ቀላ ብሎ አረፋ የሚደፍቀው፣ ከሰዓት በኋላ መከርፋት የሚጀምረው ውሃ እሱ ነው። ሐይቅ ከገባ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ናይትሮጅኑም አልጌ ያበዛል። ዝዋይ ደግሞ ጥልቀት የለውም፤ ብዙ አይችልም።

አሁን ቅርፊቱንና ስቡን በወንፊት ካስቀረን በኋላ ውሃውን በፓምፕ ወደ ሜምብሬን (በጣም ረቂቅ ቀዳዳዎች ያሉት ማጣሪያ) እንገፋዋለን። ቀዳዳው የአንድ ሚሊሜትር መቶ ሺህኛ ያህል ነው፤ ውሃና ጨው ያልፋሉ፣ አብዛኛው ፕሮቲን ይቀራል። የቀረውን ወፍራም ፈሳሽ ሳያድር አፍልተን ከፉርሽካ ጋር እናደርቀዋለን፤ ለዶሮ መኖ ይሸጣል። ያለፈው ውሃ ወለል ይታጠብበታል፣ ዓሣ አይነካም።

«ታዲያ ከመኖው ታተርፋላችሁ፣ ለምን እኛ ላይ ጨመራችሁ?» ያላችሁን አላችሁ። ፕሮቲኑ ቀዳዳውን ስለሚደፍነው ሜምብሬኑ ሥራ ባለቀ ቁጥር በሙቅ ውሃና በኮስቲክ ሶዳ መታጠብ አለበት። ሲያረጅ መለወጫው በዶላር ነው፤ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የመኖው ገቢ ይህን ሁሉ አይሸፍንም። ቱቦውን ወደ ሐይቁ ብንመልሰው ዋጋውም ይመለስ ነበር። አናደርገውም።

እናቴ እዚሁ ዳር ዓሣ እየበለተች ነው ያሳደገችን። በኮሮና ጊዜ ሆቴሎቻችሁ ተዘግተው ዱቤያችሁን ሳታስቀሩ የከፈላችሁንም አንረሳም፤ ከእንዲህ ዓይነት ሰው ቅሬታ ሲመጣ ያማል።

ማጣሪያውን ማየት የሚፈልግ ማክሰኞ ጠዋት፣ እጥበት ላይ ሳለን ይምጣ። ለሁዳዴ የምትወስዱትን መጠን እስከ ጥር መጨረሻ ብታሳውቁን ለአስጋሪዎቹ ቀብድ እንከፍላለን፤ ቀድመው ላዘዙ እስከ ፋሲካ በኪሎ 15 ብር እንቀንሳለን። እባካችሁ አትራቁን።

የድርጅቱ ባለቤት