የድጋፍ ጥሪ፦ ለሮቦቲክስ ቡድናችን የፎቶና የቪዲዮ ክፍል

ይድረስ ለተማሪዎቻችን ወላጆች፣ ለቀድሞ የቡድኑ አባላትና ለወዳጆቻችን ሁሉ።

ለሞተርና ለብረት ስንጠይቃችሁ እጃችሁን ሰብስባችሁ አታውቁም። ለዚህም ከልብ እናመሰግናለን። የዛሬው ጥሪ ግን ሮቦቱን እየተከታተሉ ፎቶና ቪዲዮ ለሚያነሱት ተማሪዎች ነው። እኔ ይህን ክፍል በበጎ ፈቃድ የማግዝ ሰው ነኝ። ከአንዳንድ ወላጆች «ለሮቦት ቡድን ካሜራ ቅንጦት አይሆንም ወይ?» የሚል ጥያቄ ደርሶኛል። ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ ወደ ልመናው ከመግባቴ በፊት መልሱን ላስቀድም።

ባለፈው የውድድር ወቅት የሮቦቱ ክንድ ዕቃ ይዞ ሊነሳ ሲል ድንገት ዝቅ እያለ አስቸገረን። ግማሹ ተማሪ ሞተሩ አቅም የለውም አለ፤ ግማሹ ጥፋቱን በፕሮግራሙ ላይ ጣለ። ክርክሩ እየከረረ ሄዶ ሞተሩን ለመቀየር ብሎን መፍታት ተጀምሮ ነበር። በዚህ መሃል ቪዲዮ ከሚያነሱት ልጆች አንዷ ስልኳን ክንዱ ሥር አስጠግታ በሰከንድ 240 ፍሬም፣ ማለትም 240 ተከታታይ ምስል፣ ቀረጸችው። እንዲህ የተቀረጸ አንድ ሰከንድ በ30 ፍሬም ሲታይ 8 ሰከንድ ይሆናል። ሁሉም ስልኩ ላይ ተደፍተው ሲያዩ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ክንዱ መነሳት ሲጀምር ዘንጉን የያዘው ስስ ብረት ትንሽ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ካቴናው ይረግባል፤ ከዚያ አንድ ጥርስ ዘሎ ይቀመጣል። ሞተሩም ፕሮግራሙም ጤነኛ ነበሩ። መድኃኒቱ አንድ የብረት ድጋፍና ጥቂት ብሎን ሆነ። ያ ቪዲዮ ባይኖር ኖሮ ደህና ሞተር አውጥተን ሌላ እንገዛ ነበር።

ግጥሚያው ላይ ደግሞ ጊዜው በጣም አጭር ነው። ፈርስት ቴክ ቻሌንጅ በተባለው የተማሪዎች የሮቦት ውድድር ሮቦቱ 30 ሰከንድ በራሱ ፕሮግራም ይንቀሳቀሳል፤ ቀጥሎ ለ2 ደቂቃ ተማሪዎቹ ይነዱታል። ቬክስ ቪ5 በተባለው ሌላ የሮቦት ውድድር በራሱ የሚንቀሳቀሰው 15 ሰከንድ ሲሆን፣ የነጂዎቹ ጊዜ 1 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ነው። በዚያች ጊዜ ነጂ ዓይኑን ከራሱ ሮቦት ላይ አይነቅልም። አጋር የሆነው ቡድን የት ቆሞ እንደነበር፣ ተጋጣሚው በየት በኩል እንደዘጋቸው፣ ነጥቡ የት እንዳመለጠ የሚገባቸው ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚያሳይ ቪዲዮ ከፊታቸው ሲቀመጥ ነው። የሚቀጥለው ግጥሚያ ስልት የሚወጠነውም ያንን እያዩ ነው።

ዳኞችም አሉ። ዳኞች ሮቦቱ ዛሬ ምን እንደሚሠራ ብቻ አይጠይቁም፤ እዚህ እንዴት እንደደረሰም ማየት ይፈልጋሉ። በፈርስት ቴክ ቻሌንጅ ቡድኑ የሚያቀርበው የምህንድስና ሰነድ ከሽፋኑ ሌላ ከ15 ገጽ መብለጥ አይችልም። በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ አንድ ጥሩ ፎቶ የአንቀጾችን ሥራ ይሠራል። የመጀመሪያው ሙከራ ከካርቶን ተቆርጦ ይሠራል፤ ሁለተኛው ከእንጨት። ከዚያ ተፈታትቶ ብሎኑና ዳዶው ለሌላው ይውላል። በጊዜው ፎቶ ካልተነሳ ልጆቹ የደከሙበት ነገር መኖሩን የሚያሳይ ምንም አይቀርም። እኔን ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

እስካሁን የሠራነው በተማሪዎቹ የግል ስልክ ነው። ስልክ ከቅርብ ሆኖ ለሚነሳ ነገር አይታማም። ችግሩ ከሩቅና በአዳራሽ ውስጥ ነው። የሚሮጥ ሮቦት ሳይደበዝዝ እንዲወጣ የካሜራው መዝጊያ በ1/500 ሰከንድ ገደማ ተከፍቶ መዘጋት አለበት። በዚህ ፍጥነት የሚገባው ብርሃን ትንሽ ስለሆነ ሌንሱ ሰፋ ብሎ የሚከፈት መሆን ይኖርበታል። የሌንስ አከፋፈት በ«ኤፍ» ቁጥር ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፋ ብሎ ይከፈታል። ለምሳሌ በኤፍ 2.8 የሚከፈት ሌንስ በኤፍ 5.6 ከሚከፈተው አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። «ፍላሽ አብሩ» የሚሉን አሉ፤ ፍላሽ ግን የነጂዎቹን ዓይን ይረብሻል፣ ሮቦቱ ላይ የተገጠመውንም ካሜራ ሊያሳስተው ስለሚችል ሜዳ አጠገብ አንነካውም።

ስለዚህ ቅድሚያ የምንሻው ሌንሱ የሚቀየር ካሜራ፣ ከእሱ ጋር የሚሄድ ሰፊ ከፋች ሌንስና ጠንካራ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ነው። አዲስ መሆን የለበትም። እንዲያውም ብዙ ቤት ውስጥ ስልክ ከመጣ ወዲህ ከቦርሳው ያልወጣ ካሜራ እንዳለ አውቃለሁ፤ ለእኛ ያ በቂ ነው። ቀጥሎ ማከማቻ ያስፈልገናል። በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት የሚቀረጽ ቪዲዮ በሰዓት 45 ጊጋ ባይት ገደማ ይፈጃል፤ አንድ የውድድር ቀን የልጆቹን ስልክ ሞልቶ ይተርፋል። ሜሞሪ ካርድና ሁለት ሃርድ ዲስክ ብናገኝ አንዱን ሥራ ላይ አውለን ሌላውን በተለየ ቦታ እናስቀምጣለን። ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክሮፎንም ትልቅ ነገር ነው፤ በወርክሾፑ የመሰርሰሪያ ድምፅ መሃል የልጆቹ ማብራሪያ ጨርሶ አይሰማም። ለቀራጮቹም የዓይን መከላከያ መነጽር ማሟላት አለብን። ካሜራ የያዘ ሰው ብረት የሚቆርጠው ልጅ አጠገብ ነውና የሚቆመው።

በገንዘብ የምትረዱን ካላችሁ ስጦታችሁ ለዚህ ክፍል ብቻ እንዲውል ለብቻው ይመዘገባል። ለሮቦቱ ክፍሎች ከተያዘው በጀት ላይ አንዳች አንቀንስም። የተገዛው ዕቃ ደረሰኝ ለወላጆች ኮሚቴ ይቀርባል፣ ማንኛችሁም ማየት ትችላላችሁ። ዕቃው የቡድኑ ንብረት ሆኖ ይመዘገባል፤ ልጆቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲወጡ ለተከታዮቻቸው ያስረክባሉ።

አንድ ነገር ወላጆችን እንደሚያሳስብ ስለማውቅ በግልጽ ልናገር። ወላጁ በጽሑፍ ያልፈቀደለት ልጅ ፊት ከቡድኑ ውጭ አይታይም። የፈቀዳችሁትንም ልጆች ሙሉ ስም ከምስላቸው ጋር አናወጣም። ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ንገሩን፤ ምስሉን እናጠፋለን።

ገንዘብም ዕቃም ባይኖራችሁ ሙያችሁን አትንፈጉን። ፎቶ አንሺ፣ የቪዲዮ አርታኢ ወይም የድምፅ ባለሙያ የሆናችሁ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ብትሰጡን ልጆቹ ለዓመታት የሚሠሩበት ነገር ታስይዟቸዋላችሁ። ካሜራውን ለሽልማት ሥነ ሥርዓት ብቻ የሚያወጡ ልጆች አይደሉም። ብሎን ሲላላ፣ ፕሮግራም ሲሳሳት፣ ጓደኛቸው ተስፋ ቆርጦ ወለል ላይ ሲቀመጥም እየቀረጹ የሚማሩ ናቸው።

የውድድሩ ወቅት ሳይገባ ልጆቹ ከዕቃው ጋር እንዲለማመዱ ስለምንፈልግ ቶሎ ብትደርሱልን ደስ ይለናል። የምትሰጡትን ለቡድኑ አሠልጣኝ ወይም ለወላጆች ኮሚቴ ማስረከብ ይቻላል። ካሜራ የምታመጡ እባካችሁ ቻርጀሩንና ባትሪውን አትርሱ። ውስጡ ያለውን ካርድ ከመስጠታችሁ በፊትም የቤተሰባችሁን ፎቶ ገልብጣችሁ አስቀሩ።