የዓይን ፎቶ ፈተና የኦቲዝም ምርመራ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የዓይን ፎቶ እያሳየ «ይህ ሰው ምን ተሰምቶታል?» የሚለው ፈተና በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል። ውጤቱን እንደ ኦቲዝም ምርመራ የሚወስዱ አሉ፤ ያሳስበናል።

የእንግሊዙ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሳይመን ባሮን-ኮሄንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሻሻሉት ይህ ፈተና 36 ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች አሉት። በእያንዳንዱ ዙሪያ ካሉት አራት ቃላት አንዱ ይመረጣል፤ እንዲሁ በግምት የነካካ ሰው እንኳ በአማካይ 9 ያገኛል። ፎቶዎቹ ከመጽሔት የተወሰዱ ናቸው። ባለፎቶውን በዚያች ቅጽበት ምን እንደተሰማው የጠየቀው የለም፤ «ትክክል» የሚባለው አዘጋጆቹ መርጠው አብዛኞቹ ዳኞች የተስማሙበት ቃል ነው።

በዚያው ጥናት ኦቲዝም ያለባቸው 15 አዋቂዎች በአማካይ 21.9፣ ከጠቅላላው ሕዝብ የተወሰዱት 122 ሰዎች ደግሞ 26.2 አገኙ። ልዩነቱ አራት ፎቶ ያህል ነው። የመጀመሪያዎቹ ውጤት እርስ በርሱ በጣም ስለሚራራቅ (ነጥቦች ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚለካው መደበኛ ልዩነት 6.6 ነው) የሁለቱ ቡድኖች ነጥብ ይደራረባል። 22 ያገኘ ሰው ከየትኛው ወገን እንደሆነ በነጥቡ ብቻ አይታወቅም።

ቃላቱ ሌላ ጣጣ አላቸው። በእንግሊዝኛው ፈተና ሁለተኛ ፎቶ ላይ «አፕሴት» ትክክል ሲባል «አኖይድ» ስህተት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ግን ሁለቱንም «ተበሳጨ» ሊላቸው ይችላል! በሁለተኛ ቋንቋው የተፈተነ ልጅ ፊት ማንበብ ሳያቅተው በቃል ብቻ ሊወድቅ ይችላል።

አሌክሲታይሚያም አለ፤ የራስን ስሜት ለይቶ ስም መስጠት መቸገር ማለት ነው። ኦቲዝም ካለባቸው ግማሽ ያህሉ ላይ ይታያል፣ ከሌለባቸውም አንዳንዶች ላይ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት በዚህ ፈተና ላይ ዝቅተኛ ነጥብ የሚያያዘው ከኦቲዝሙ ሳይሆን ከዚህ ችግር ጋር መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ዝቅተኛ ነጥብ ያየ ወላጅ «ልጄ ለሰው አያዝንም» ብሎ አይደምድም።

ፈተናውን የግድ የሚጠቀም ባለሙያ አስቀድሞ ተፈታኙ ቃላቱን ማወቁን ያረጋግጥ፤ የማያውቀውን ቃል ፍቺ ይስጠው፣ አያጣድፈው። አዋቂ ከሆነ ባለ 20 ጥያቄውን የቶሮንቶ የአሌክሲታይሚያ መጠይቅ ይጨምርለት። ምርመራው የሚቆመው ግን በሌላ ነው፦ ከሕፃንነት የጀመረ የእድገት ታሪክ፣ ልጁ ከሰው ጋር የሚግባባበት መንገድ፣ የሚደጋግማቸው ነገሮች፣ ለድምፅና ለንክኪ ያለው ስሜት። ታላቅ ፊት ዓይኑን የሚሰብር ልጅ ሲገጥም ደግሞ ቤቱ ያስተማረው አክብሮት ሊሆን ስለሚችል እናቱ ይጠየቁ፤ ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወትም ይታይ።

ከአክብሮት ጋር፣
በልጆች እድገት ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች